ያለ ይሉኝታ የታረመ ፈተና

ሃምሳ አለቃ አድማሴ የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገባ ሠላሳ አንዱም ተማሪ ብድግ አለ። መምህር የመጣ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ ወደ ኋላ አልፎ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ይቀመጡ አይቀመጡ ግራ ገብቷቸው ቆመው ቀሩ። «ተቀመጡ እንጂ፣ እኔም እንደናንተው ተማሪ ነኝ» ቢላቸው ማን ሰምቶት! ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳ የማጽዳት ተራው ሲደርስ ዳስተሩን ከእጁ ይቀሙታል፣ በር ላይ ከተገናኙ ደግሞ «ይለፉ ጋሼ» እያሉ እሱ ካላለፈ ንቅንቅ አይሉም። ገና አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሽበቱ ግን አላገዘውም።

ኮሌጁ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የሚገኝ፣ የእንስሳት ጤና የሚያስተምር ነው። አድማሴ የገባው በደብዳቤ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በውትድርና አገልግሎ በክብር ሲሰናበት፣ ለተሰናባች የሠራዊት አባላት የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ለእሱም ደረሰው። ያችን ደብዳቤ ለማግኘት ደሴ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አንዴ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፣ አንዴ መብራት ጠፋ፣ በሦስተኛው ፈራሚውም መብራቱም ተገኙ። ከደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር አለች፤ ተማሪው በአንድ ትምህርት ቢወድቅ አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ይፈተናል፣ በዚያም ካላለፈ ነፃ ዕድሉ ይቋረጣል ትላለች። አድማሴ ይችን መስመር እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሉ ይዟታል።

በዚህ ዕድሜው ከልጆች ጋር ምን እንደሚያጋፋው የማይጠይቀው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ብዙዬ ለጠያቂው ሁሉ «ጠዋት ተሰልፎ ካልተቆጠረ አይሆንለትም» እያለች ታሾፍበታለች። እውነቱን ግን ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። አንዷ ልጃቸው ሀይማኖት ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። ቤቱ የቆመው እሷ በምትልከው ነው፤ የአድማሴ ጡረታ ማዳበሪያና ዘይት ከገዛ በኋላ ተንፍሶ ያልቃል። የቀበሌያቸው የእንስሳት ጤና ኬላ ደግሞ ባለሙያ አጥቶ ሁለት ዓመት ተቆልፏል። ወረዳው ከመንደሩ ልጆች ተምሮ የጨረሰ ካለ እንደሚቀጥር ተናግሯል። ሀይማኖት ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ አንተ ደመወዝተኛ የሆንክ ዕለት እኔ ትኬት እቆርጣለሁ» አለችው። አድማሴ የተመዘገበው በሳምንቱ ነው።

የመድኃኒት መጠን አሰላል የሚያስተምረው ሱፍያን ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ጎበዝ መምህር ነው። ችግሩ የአበጋዝ ልጅ መሆኑ ነው። አበጋዝ የአድማሴ የልጅነት ባልንጀራና የድንበር ጎረቤት ነው፤ ፋሲካም ሆነ ዒድ ሲሆን አንዱ ካንዱ ቤት አይጠፋም። ሱፍያን ሌላውን ተማሪ በየተራ እያስነሳ ሲያፋጥጥ አድማሴ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሳና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የተሳሳተ ቢያይ እንኳ «ጋሽ አድማሴ፣ እንዳለ ይተውት፣ ችግር የለውም» ይለዋል። አድማሴም ችግር የሌለው መስሎት ተወው።

ፈተናው ታርሞ ሲመለስ ሰማንያ ሁለት አግኝቶ ነበር። ከአጠገቡ የምትቀመጠው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ትህትና ሠላሳ ስምንት አግኝታ ስታለቅስ፣ እንደ አባት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ አጽናናት። ዓርብ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መንደሩ ገባ። ወታደር ቤት ሜዳሊያ ተሰጥቶት እንኳ እንደዚያን ቀን አልኮራም። ብዙዬ ወረቀቱን ለአራጋው አሳየች፣ አራጋው ለአገሩ ሁሉ አወራ፣ በማግስቱ ከቁርስ በፊት አድማሴ ዶክተር ሆኖ አደረ።

አራጋው ጎረቤታቸው ነው። ቅዳሜ ጥዋት ያመማትን ጥጃ እየጎተተ፣ ከከተማ የገዛውን መድኃኒትና መርፌ ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ በል እጅህን አሳየን» አለው። አድማሴ በተማረው መሠረት ደረቷን በሜትር ለክቶ ክብደቷን ገመተ፤ ስልሳ ኪሎ ሆነች። ከብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበና መሬት ላይ በስንጥር ማባዛትና ማካፈል ጀመረ። ስልሳ ሲሲ መጣለት። ብልቃጡ ሙሉውን ሃምሳ ሲሲ ብቻ ነው።

«ይች አትበቃም። ሌላ ብልቃጥ መግዛት ሊኖርብህ ነው» አለው።

አራጋው ሳቀ። «ሰውዬው እኮ የስምንት ጥጃ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። ወይስ ያንተ ትምህርት ሌላ ነው?»

አድማሴ ስንጥሩን እንደያዘ ቀረ። ከኪሱ የፈተና ወረቀቱን አውጥቶ ተመለከተ። ሦስተኛው ጥያቄ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን በግ ስንት ሲሲ ይወጋል የሚል ነበር። በዚሁ ስሌት ሠላሳ ሲሲ ብሎ መልሷል፤ ከጎኑም በቀይ እስክርቢቶ የትክክል ምልክት ተደርጎለታል። ወረቀቱ ትክክል ነህ ይለዋል፣ ብልቃጡ ደግሞ አበድክ እንዴ ይለዋል። «አራጋው፣ ጥጃህን ወደ ከተማ ውሰዳት። እኔ አልወጋም» አለው። አራጋው ተቀይሞ ሄደ።

ሰኞ ጥዋት አድማሴ የትህትናን ወረቀት እንድታሳየው ለመናት። እያፈረች አወጣችለት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እሷም ሠላሳ ሲሲ ብላ ነበር፤ ከጎኑ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተቀምጧል። አራተኛውም ላይ ተመሳስለዋል፣ ሰባተኛውም ላይ። እንደሷ በተሳሳተበት ሁሉ እሷ ኤክስ፣ እሱ የትክክል ምልክት አላቸው። ጆሮው ድረስ ጋለው።

ሱፍያንን መምህራን ቢሮ ብቻውን አገኘው።

«መምህር» አለው። ሱፍያን ደነገጠ፤ አድማሴ ሁልጊዜ ሱፍዬ ነበር የሚለው።

«ይግቡ ጋሽ አድማሴ፣ ይቀመጡ።»

«እቆማለሁ። ይችን ሠላሳ ሲሲ ይዩልኝ። ልክ ናት?»

ሱፍያን ወረቀቱን አይቶ አንገቱን ደፋ። «ልክ አይደለችም። ሦስት ሲሲ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ምልክት ምንድን ነው?»

«እንዴት ብዬ ነው በእርስዎ ወረቀት ላይ ኤክስ የምጽፈው? አባቴ ቢሰማ ዓይንህን አልይ ነው የሚለኝ። ወላሂ፣ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ለትህትና ጊዜ እሺ ያለዎት እጅዎ?»

«እሷማ ልጅ ናት። ትወድቃለች፣ ታጠናለች፣ በድጋሚው ታልፋለች።»

አድማሴን ያናደደው ይኼ ነው። ልጅቱን አምኖባት ጣላት፤ እሱን ግን አይችልም ብሎ ደምድሞ፣ መደምደሙን በአክብሮት ሸፈነለት። ወታደር ቤት ልጁ የሚሆኑ መኮንኖች ሳይቀሩ ሲሳሳት ፊት ለፊት ተሳሳትክ ብለውታል፤ አንዱም ግን እንደዚህ አልናቀውም። ወረቀቱን አጠፈው።

«የአራጋውን ጥጃ ልገላት ነበር» አለ። «እውነተኛው ማርኬ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት» አለ ሱፍያን። ማለፊያው ሃምሳ ነው። «ግን ያስቡበት። ሰማንያ ሁለቱ እንዳለ ቢሄድ ማንም አይጠይቀኝም። ከሰረዝኩት ሐሙስ ድጋሚ ሊፈተኑ ነው። በዚያ ካላለፉ ደብዳቤው…»

«ደብዳቤውን አውቀዋለሁ።»

ወጣ እንጂ ሰርዘው ብሎት አልወጣም። ይህን መደበቅ አይገባም። ሀይማኖት ፊቱ ላይ ተደቀነችበት። ዝም ቢል ይጨርሳል፣ ይቀጠራል፣ ልጁ ትመጣለች። ያን ማታ ዓርብን ሳይጠብቅ በእግሩ መንደሩ ገብቶ ነገሩን ለብዙዬ ነገራት። እሷ ምስር እየለቀመች ጨርሶ እስኪነግራት ጠበቀች።

«በኋላ አትማረውም?» አለችው። «አሁን ዝም ብትልና ቀስ ብለህ ብታጠናው?»

«ማን ያስተምረኛል? አለፍክ ተብያለሁ እኮ። ያለፈን ሰው ማንም አያስተምርም። ኬላው ተከፍቶ መርፌ ስይዝ ሰው ያለችውን አንዲት ላም ይዞልኝ ነው የሚመጣ።»

ብዙዬ ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። «ልጄንስ?» አለች። ምስሩን መልሳ ሳበችና «ያንተን ያህል አልተማርኩም፤ በሰው ላም ሞት የምትመጣ ልጅ ግን አልፈልግም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ነበረበት።

ማክሰኞ ጥዋት አድማሴ «ይሰርዙት» አለው፤ ሱፍያንም ሰማንያ ሁለቱን ሰርዞ አርባ ሁለት ጻፈ። ክፍል ውስጥም ለመጀመሪያ ጊዜ «አድማሴ፣ ይነሱና ይመልሱ» አለው። ተማሪው ሁሉ ዞሮ ሱፍያንን እንደ ባለጌ አየው። አድማሴ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመና ተሳሳተ። ሱፍያን አረመው፣ ደግሞ ጠየቀው፣ ደግሞ ተሳሳተ። ከሰዓት በኋላ ትህትና ደብተሯን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ለሷም ለራሷ ጭንቅ ነበር፤ ሆኖም የምታውቀውን አልነፈገችውም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ኪሎውን ያባዙ። ከዚያ ብልቃጡን ይዩ። አንዷ ሲሲ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳያዩ አያካፍሉ» እያለች አሥር ጊዜ ደጋገመችለት። ሦስተኛዋ ጥያቄ ማክሰኞ ማታ ገባችው። የቀረው ግን ብዙ ነበር፣ ቀኑ ደግሞ አንድ።

ሐሙስ ተፈተነ። ሲጨርስ «እዚሁ ፊቴ ይረሙልኝ» ብሎ ሱፍያን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ሱፍያን በእስክርቢቶው አንድ በአንድ ወረደ። የመጠን ስሌቶቹን አድማሴ አንዱንም አልሳተም። የመድኃኒቶቹን ዓይነት የሚጠይቀው ገጽ ላይ ግን ኤክሱ ተደረደረ። ሱፍያን ደምሮ ቆመ፣ እንደገና ደመረ።

«አርባ ሰባት» አለ። «ጋሽ አድማሴ፣ ሦስት ናት እኮ የጎደለችው። የመጨረሻዋን ጥያቄ ደግሜ ልያት?»

«ልክ ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ይጻፉት።»

ሱፍያን አርባ ሰባት ብሎ ጻፈና ፊቱን አዞረ። አድማሴ ተነስቶ እጁን ጨበጠው። ትህትና ስልሳ አንድ አግኝታ ነበር። በሩ ላይ አግኝታው ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ እሱ ግን አንቺ አብሽሪ ብሎ መርቋት ወጣ። ነፃ ዕድሉ ተቋርጧል የምትል ወረቀት በማግስቱ ጥዋት ተሰጠችው። ለመግባት ሦስት ጊዜ ደሴ ያመላለሰው ነገር ለመውጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሀይማኖት በየዓርቡ ከሰዓት፣ አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ በኢሞ ትደውላለች። አድማሴ ከከተማ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩ ጠራ። ሀይማኖት እንደ ሁልጊዜው ስልኳን አስጠግታ ይዛው ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

«አባዬ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?»

ደህና ነው ሊላት አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከየጦር ሰፈሩ የተናገረው ይችን ብቻ ነው። ቆስሎ ተኝቶ ሳለ እንኳ ለብዙዬ ደህና ነኝ ብሎ ደውሏል።

«ወደቅሁ» አላት። «ድጋሚውንም ወደቅሁ። ደብዳቤው ተቋርጧል፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። አልቻልኩም።»

ኔትወርክ የተቆረጠ መስሎት «ሀሎ» አለ፣ ደግሞ «ሀሎ» አለ።

«አለሁ» አለች። ምስሏ ተንቀጠቀጠ። «አባዬ፣ አንተ እውነቱን ከነገርከኝ እኔም ልንገርህ። ደህና አይደለሁም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወገቤን አሞኝ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት ያቅተኛል። አንተ ደመወዝ እስክትጀምር ልቻለው ብዬ ነበር።»

ብዙዬ ከበሩ መጥታ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሰምታለች። አድማሴ ስልኩን በሁለቱ መካከል አደረገው።

«ትኬት ቁረጪ» አላት።

«በምን እንኖራለን፣ አባዬ?»

«አላውቅም። አንቺ ብቻ ነይ።»

ሀይማኖት ማልቀስ ጀመረች። ብዙዬ ተነሳችና፣ አራት ዓመት ሙሉ በልጅቱ መደብ ላይ ተከምሮ የኖረውን የገብስ ጆንያ እየጎተተች ማውረድ ያዘች።