የዳሱ ቢጫ ጥግ

ከምግብ በኋላ የሚታኘከውን የፓን ቅጠል የምናበቅልበት ዳስ ሴት አይገባበትም። ወንዱም ቢሆን ገላውን ታጥቦ፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። እኔ በዚህ ቤት ተድሬ ፀጉሬ እስኪሸብት የኖርኩት በዳሱ ቅጠል ነው፤ ለሐረጉ ማሰሪያ ገመድ ገምጃለሁ፣ ቅጠሉን ለገበያ ደርድሬያለሁ፣ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም። የባሌን ታላቅ ወንድምም ስሙን ጠርቼ፣ ቀና ብዬ አነጋግሬው አላውቅም። ደንባችን ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ገመድ ገምዶ አያውቅም መሰለኝ።

ደንቡን የጣሰችው ልጄ ሸፋሊ ናት። ለትምህርት ቤት አንድ ቅጠል ልትቀጥፍ ገባች፤ ጎረቤት አየና አወራ። በዚያው ሰሞን የዳሱ ምሥራቅ ጥግ ቢጫ ሆነ።

«የሷ እግር ነው» አለ የባሌ ታላቅ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አዛዣችን እሱ ነው። «ትምህርቱ ይቅርባት። የሚያባልጋት እሱ ነው።»

እኔ ሳሪዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። ሸፋሊ ግን አላለቀሰችም።

«ጄታ» አለችው የአባቷን ታላቅ፣ «እግሬ ከሆነ ትምህርቴን እተዋለሁ። መጀመሪያ ግን ይፈተን። ገላዎን ይታጠቡና ከጤነኛው ወገን አንድ ቅጠል ይምረጡ፤ መሃሉን በዚህ ጥቁር ወረቀት ከላይም ከታችም ይሸፍኑት። እኔ ድርሽ አልልም።»

«ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«ፀሐይ ይከለክለዋል። ሌላውን ሁሉ ያገኛል፤ ውሃውንም አየሩንም።»

ሳቀባት። የፈራ እንዳይመስል ግን ሸፈነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሉን ቆርጦ አመጣ። ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞላው፤ የሰው ውርደት ማየት ማን ይጠላል። ሸፋሊ መጀመሪያ ቁስል የሚቀባውን አዮዲን በተረፈ ሩዝ ላይ አንጠባጠበች፤ ሩዙ ጠቆረ። «ምግብ ካለበት እንዲህ ይጠቁራል» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ ቅጠሉን በፈላ ውሃ ነከረችው፤ እሳቱን አጥፍታ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ባስቀመጠችው የአልኮል ብርጭቆ አቆየችው። አረንጓዴው ወደ አልኮሉ ወጣ፣ ቅጠሉ ነጣ። አጠበችውና አዮዲኑን ቀባችው።

ዳር ዳሩ ጠቆረ። ወረቀቱ የነበረበት መሃሉ ግን አልጠቆረም።

«ጄታ፣ እዚህ ላይ ማን ረገጠ?»

ጣቷን መሃሉ ላይ አሳረፈች።

«ፀሐይ ያጣ ቅጠል ምግቡን አይሠራም። ከባለፈው አውሎ ነፋስ በኋላ በምሥራቁ ጣሪያ ላይ ገለባ የደረበው ማነው?»

ራሱ ነው፤ ሁላችንም አይተናል። አንዲት አሮጊት ሳቋ አመለጣት። እሱ አፈረ እንጂ አልተረታም። «ትማር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ገለባውን ጉልበቴ ሲሻለው አነሳዋለሁ። ሴት ግን አሁንም አይገባም።»

ጉልበቱ እስኪሻለው ቅጠሉ በረሃብ ይለቅ ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ። እግሬን ታጠብኩ፣ ሳሪዬን ከፊቴ ገልጬ ወገቤ ላይ ሸጎጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ፣ እርጥብ፣ ሐረጉ ትከሻ የሚነካ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የከለከሉኝ ይህን ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ገለባውን ስነቅል ፀሐይዋ ፊቴ ላይ አረፈች።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ጎበርዳን» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ በስሙ። «ገለባውን ተቀበለኝ።»

 ጫማውን አወለቀና ገባ።