ሁለት ባለርስት የካዷት ማሳ

አስማረ ጥቁሬን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳል እየተባለ ይታማ ነበር። ሐሜቱን ያስወራችው ሚስቱ ጌጤ ራሷ ናት። «በእንቅልፍ ልቡ የሚጠራው የእሷን ስም ነው» ትላለች፤ «የእኔን ስም ግን እሳት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።»

ጥቁሬ ማሳ ናት። ከአርብ ገበያ ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ወርዳ የተኛች፣ ገብስም ሽንብራም የማትነፍግ መረሬ መሬት። ነውሯ አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልዘራባትም። አስማረ ሞፈር ተሸክሞ ሲወርድ የአጎቱ ልጅ ደምሌ እግድ ያወጣል፤ ደምሌ ሲወርድ አስማረ ያወጣል። በመሃል ጥቁሬ ሣሯን እያበቀለች የአገሩን አህያ ሁሉ ታደልባለች። በዚያ ወረዳ በፍርድ ቤት ሥራ የወፈረ ፍጡር ቢኖር እነዚያ አህዮች ብቻ ናቸው።

አስማረና ደምሌ የአንድ አያት፣ የጓዴ የልጅ ልጆች ናቸው። አስማረ «አያቴ ጥቁሬን ለአባቴ ሰጠ» ይላል፤ ደምሌም ያንኑ ስለ ራሱ አባት ይላል። አቤቱታቸውን የሚጽፉላቸው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ከቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ ጠዋት ለአስማረ፣ ከሰዓት ለደምሌ፣ በአንድ ብዕርና በአንድ ቀለም የሚጽፉ ጻድቅ ሰው። አንድ ጊዜ የአስማረን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ንጉሥ ሰሎሞን ድረስ አደረሱት። ደምሌ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«መሪጌታ፣ እኔንስ?»

«አንተን ከዳዊት እጀምርሃለሁ» አሉት፤ «እሱ የሰሎሞን አባት ነው፣ ትቀድመዋለህ።»

ክርክሩ የሁለቱንም አንዳንድ በሬ በልቷል። ጥማድ የነበራቸው ሰዎች አሁን አንዳንድ በሬ ይዘው፣ እርሻ በደረሰ ቁጥር ሰው ደጅ «አቀናጁኝ» እያሉ ይዞራሉ።

ቀጠሮ በሆነ ቀን የሚያርፉት አክስታቸው ቤት ነው። እትዬ የሻረግ የጓዴ ሴት ልጅ፣ የሁለቱም አባቶች እህት ናቸው፤ በአርብ ገበያ መግቢያ ጠላ ይሸጣሉ። ስማዳ ተድረው፣ ባላቸው ሞቶ ሲመለሱ ድርሻቸውን ቢጠይቁ ወንድሞቻቸው «አንቺማ ስማዳ ሄደሽ የለም እንዴ?» ብለው አስቀሯቸው። ስማዳ ከሰማይ በላይ ያለ አገር ይመስል። እሳቸውም ጌሾ መውቀጥ ጀመሩ።

አስማረ ከግራው መደብ፣ ደምሌ ከቀኙ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይቀመጣሉ። አንድ ለአንድ አይነጋገሩም።

«እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ዛሬ እንደምረታው ንገሩልኝ» ይላል አስማረ።

«እትዬ፣ ለዚያኛው ሰውዬ አባቱም እንዲሁ እንዳለ መሞቱን ንገሩልኝ» ይላል ደምሌ።

«ሁለታችሁም ሰምታችኋል። ጠጡ» ይላሉ እትዬ የሻረግ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ እህል ከአውድማ በገባ ማግስት፣ ገማቾች ሊመጡ ነው ተባለ። በየማሳው ባለቤቱ ይጻፋል፣ ምርቱ ይገመታል፣ ግብር ይጣላል። ወሬው እዚህ ጋይንት እስኪደርስ ግን ቀንድ አብቅሎ ነበር፦ ስሙ የተጻፈ ሰው መሬቱ በቃላድ ገመድ ይለካል፤ ገመድ የነካው መሬት ደግሞ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። አስማረ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን ፈገግ አለ።

«ደምሌን አስጽፈዋለሁ» አላት ጌጤን። «መዝገቡና ገመዱ ለሱ፣ መሬቷ በፍርድ ለእኔ።»

«እሱም እንዲሁ ቢያስብስ?»

«ደምሌ? ደምሌ ማሰብ የት ያውቅና!»

ገማቾቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሾላው ሥር ተቀመጡ፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጸሐፊ በመሃል፣ ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ። የአገሩ ሰው በዚያን ቀን በአንድ ጊዜ ደኸየ። የሦስት ጥማድ በሬ ጌታ የነበረው በላይነህ የልጁን ቡትቶ ለብሶ መጥቶ፣ «የእኔ መሬት እኮ ውሻ ቢተኛበት ጅራቱ ጎረቤት ያድራል» አለ።

«ጥቁሬ የምትባለው ማሳስ? ባለቤት?» አለ ጸሐፊው።

አስማረ ብድግ አለ። ነጠላውን አደግድጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የደምሌ ናት» አለ።

ሕዝቡ «እ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«ሐሰት ነው!» ደምሌ ዘሎ ተነሣ። «የእሱ ናት! ከአባቱ የወረሳት ናት!»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሲከሰኝ አልነበር?» አለ አስማረ ለጸሐፊው።

«ተሳስቼ ነዋ! ሰው አይሳሳትም?»

ከዚያ የሆነው ለማየት ያምር ነበር። አስማረ የደምሌን የዘር ሐረግ ከዳዊት ጀምሮ አንድ ሳያጎድል ቆጠረ፤ ደምሌ የአስማረን ከሰሎሞን አወረደ። አንዱ የሌላውን ምስክሮች በስማቸው ጠራ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ጽሑፋቸው ይህን ያህል በቃል ተይዞ ስላዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። «ማሉ!» አለ።

አስማረ ወደ ደብሩ ዞረ። ገመዱን አሰበ። «ጥቁሬ የእኔ ብትሆን ይህች ማርያም ትፍረድብኝ!» አለ። ደምሌም ያንኑ ቃል ማለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንዳይበለጥ።

«እንግዲያው ባለቤት የላትም። ለመንግሥት ትገባለች» አለና ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነከረ።

አስማረ ይህን አላሰበም ነበር። በሦስቱም ቀን አላሰበም።

«ልጄ፣ ቆይማ።» ከሴቶቹ መሃል እትዬ የሻረግ ብቅ አሉ። «እኔ የጓዴ ልጅ ነኝ። በእኔ ስም ጻፋት።»

«ተቃዋሚ አለ?»

አስማረ አፉን ከፈተ። ዘወር ሲል የደምሌም አፍ ተከፍቷል። ለመቃወም «የእኔ ናት» ማለት ያስፈልጋል፤ መሐላው ደግሞ ገና ከአየር ላይ አልወረደም። ሁለቱም እንደ ከፈቱት ዘጉት። ጸሐፊው ጻፈ።

«ምን አለበት» አለ አስማረ ማታ ለጌጤ፤ «ገመዱ ለእትዬ፣ ፍርዱ ለእኔ።» ጌጤ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ገመድ የያዘ ሰው ሳይመጣ ቀጠሮው ደረሰ። እትዬ የሻረግ ያን ቀን ጠላ አልቀዱም፤ ቤታቸውን ዘግተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከሁለቱ ቀድመው ችሎት ቆመዋል። ዳኛው ጣልቃ ገብ መኖሩን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ደግሞ እርስዎ ከየትኛው ንጉሥ ነው የሚወለዱት?»

«ከጓዴ ነው ጌታዬ። እነዚህ ልጆች በእጃቸው ፈርመው ባስገቡት ወረቀት መሬቷ የጓዴ ናት ይላሉ። እኔ ልጁ ነኝ፣ እነሱ የልጅ ልጆቹ። እስከ ሰሎሞን መሄድ ምን አደከመኝ?» ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው ከቋጠሮው አንድ ወረቀት አወጡ። «ይህ ደግሞ የዘንድሮው ግብር ደረሰኝ ነው።»

ዳኛው ደረሰኙን አገላብጠው አዩና ወደ ሁለቱ ዞሩ። «የእኛ አይደለችም ብላችሁ ምላችኋል ይባላል። ማን ሰማ?»

«አገር ሰምቷል» አሉ መሪጌታ ከኋላ። በእትዬ የሻረግ ማመልከቻ ላይ ያለው ቀለም የማን እንደሆነ አስማረ ያን ጊዜ ገባው።

ጥቁሬ ለእትዬ የሻረግ ተፈረደች። እሳቸውም ደጅ ወጥተው ለሁለቱ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «በሬ የለኝም፤ እናንተ አንዳንድ አላችሁ። የእኩል እረሱልኝ፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። ተቀናጅታችሁ ከሆነ ነው፤ ካልሆነ በላይነህ ለምኖኛል።»

የግንቦት ዝናብ መሬቷን እንዳለሰለሰ የአስማረ ቀይ በሬና የደምሌ ቦራ በሬ አንድ ቀንበር ተሸከሙ። ቀዩ ወደ ላይ ይስባል፣ ቦራው ወደ ታች፤ ባለቤቶቻቸው የመከሯቸው ይመስላል። አህዮቹ ከዳር ቆመው በኀዘን ያያሉ። አስማረ እርፉን እንደ ጨበጠ ወደ ደምሌ ጠጋ አለና ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አናገረው።

«ይግባኝ ብንልስ?»

«በማን ላይ?»

አስማረ በአገጩ ወደ ማሳው ዳር ጠቆመ። እትዬ የሻረግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ማልን እኮ» አለ ደምሌ። «ደግሞ ወጪው! ይኸን በሬ ነው የምሸጠው?»

አስማረ በሬዎቹን አየ። የደምሌ ተሸጠ ማለት የእሱም ሥራ ፈታ ማለት ነው። ቀና አለና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትዬ! ለዚያ ሰውዬ በሬውን ወደ ፈር እንዲመልስ ንገሩልኝ!»

«እትዬ! ለዚያኛው ሰውዬ እርፍ አያያዝ አስተምሩልኝ!»

እንዝርቱ አልቆመም።

«ሁለታችሁም ሰምታችኋል» አሉ እትዬ የሻረግ። «እረሱ።»