የረመዳን መርፌ

ኩብራ መርፌዋን ከተወጋች በኋላ ቶሎ አልተነሣችም።

«ዶክተር፣ ጾም ሲገባ እኔ አልመጣም» አለች። «ከአሁኑ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ዶክተር ኃይለየሱስ ቀና ብሎ አያት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረችው መስከረም ላይ ነበር፤ ኅዳር ሲጋመስ ሳሏ ቀንሶ፣ ጉንጯ ሥጋ መያዝ ጀምሯል። አሁን ካቋረጠች በሽታው ብሶባት እንደሚመለስ ያውቃል።

«እንደ እህትሽ ልትሆኚ ነው?» አላት።

ቃሉ የከበደው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ታላቅ እህቷ ሀሊማ አምና በረመዳን መርፌዋን አቋርጣ፣ ከዒድ በኋላ ስትመለስ ደም ትተፋ ነበር። ክረምቱን አልወጣችም። ኩብራ እጅጌዋን አውርዳ፣ ሻሿን አጥብቃ ሄደች።

ነርሷ ባየች መርፌውን ወደሚቀቀልበት እየመለሰች፣ «አምናም እንዲሁ ነበር፤ ጾሙ ሲገባ እስላሞቹ በሙሉ ቀሩብን» አለች።

«መርፌ ምግብ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ አስነገርኳቸው! ድንቁርና ነው።»

«አስነግረዋቸዋል፤ አልመጡም» አለች ባየች። ጎጃሜ ናት፤ አሰበ ተፈሪ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። «ድሬዳዋ ለስብሰባ ተጠርተው የለ? የሐረርም የጅጅጋም ሰዎች ይመጣሉ። ረመዳንን እንዴት እንደሚያልፉት ይጠይቁልኝ። እባክዎን ዶክተር።»

ኃይለየሱስ ስብሰባውን የመብያና የመጠጫ ሰበብ አድርጎ ስለቆጠረው መሄድ አልፈለገም ነበር። በዚያ ላይ ምን ብሎ ይጠይቃል? የተወለደው እዚሁ ጨርጨር፣ አሰበ ተፈሪ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ወጥቶ፣ ሕክምናን ቤይሩት ጨርሶ ሲመለስ የሰፈሩን ኦሮምኛ ረስቶት ነበር። እንደ ኩብራ አማርኛ ከሚችሉት በቀር በሽተኞቹን የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። አንዳንድ ቀን ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ገበያተኛውን ሲያይ፣ አገሩ የገባ ሰው ይሁን አዳሪ እንግዳ ለራሱም አይገባውም።

ቢሆንም ሄደ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ሲደርስ ጉባኤው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተጀምሯል። ስለ ነቀርሳ የተዘጋጀው ጽሑፍ ተነቦ ሲያበቃ፣ ሰብሳቢው ሽማግሌ ሐኪም፣ «ጥያቄ?» አሉ።

ኃይለየሱስ እጁን አነሣ። የባየች ጥያቄ ምላሱ ላይ ነበር። ፊቶች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ፤ ከፊት ወንበር ላይ ቤይሩት አብረውት የተማሩ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የጨርጨር ልጅ ሆኖ የጨርጨርን ሰው እንዴት ላክም ብሎ ሊጠይቅ? ተነሥቶ ስለ መድኃኒቱ መጠን በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቀ። መልሱን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ግሩም ጥያቄ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ሲቀመጥ ጆሮው ግሏል።

ምሳ ላይ የመቻራው ጤና መኮንን ጎበዜ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ትልቅ ሆድና ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«የቤይሩቱ! ያ ጥያቄህ ምን ነበር? እኔ የገባኝ ‹ሰር› የምትለዋ ብቻ ናት።»

ገበታው በሙሉ ሳቀ።

«ሳቁ፣ ሳቁ! ነገ እኔ ስነሣ ደግሞ ጉዴን ነው የምዘረግፈው» አለ ጎበዜ እንጀራውን እየጠቀለለ።

በማግስቱ እንዳለውም ተነሣ። «ንግግር አላውቅም» አለ። «አምና በረመዳን በሽተኞቼ ጠፉብኝ። በቡናው ውስጥ ለውስጥ ስፈልጋቸው ሲያዩኝ ይደበቃሉ፤ ግብር ሰብሳቢ መሰልኳቸው መሰለኝ።» አዳራሹ ሳቀ። ጎበዜ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ከዚያ ሞቱብኝ። ዘንድሮም ጾሙ እየመጣ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ አላወቅኩበትም።»

ከሐረር የመጣች መይሙና የምትባል ነርስ ተነሣች። «እኛም እንዲሁ ጠፍተውብን ነበር» አለች። «ሼኾቹ መርፌ ጾም አያስፈታም ቢሉም ሰው ልቡ አይቀበለውም። ስለዚህ ሰዓቱን አዞርነው። ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ እንወጋለን፤ ክኒኑን በማፍጠሪያና ከንጋት በፊት በሱሁር ይውጣሉ። የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ተረኛዋ ነርስ ትይዘዋለች። አሁን የሚቀርብን የለም።»

መልሱ ይኸው ነበር። ኃይለየሱስ ቁልፉ በኮት ኪሱ እንዳለ ታወቀው። አሰበ ተፈሪ ላይ ቁምሳጥኑን ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚቆልፈው ራሱ ነው።

«ይህ የደረሰበት ሌላ ማን አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

እዚህም እዚያም እጆች ተነሡ። ከፊት ወንበር ከቤይሩቶቹ አንዱም አነሣ። ኃይለየሱስ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ሲመለስ ባየች ከበር ተቀበለችው። «ጠየቁልኝ?»

«መልሱን ይዤ መጥቻለሁ» አላት፤ ነገራትና ቁልፉን ሰጣት።

«እግዜር ይስጥዎ! ለኩብራ እርስዎ ይንገሯት፤ ከእኔ ከሰማች አታምነኝም።»

የጠየቀው እሱ እንዳልሆነ ሳይነግራት ወደ ገበያ ወረደ። ኩብራ ጫቷን እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ ረዲያ ከምትባል ሻጭ ጎን ተቀምጣለች።

«አጃኢብ! ዶክተሩም ጫት ጀመረ!» አለች ረዲያ።

ኃይለየሱስ ቁጢጥ ብሎ ለኩብራ ነገራት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«መድኃኒቱ ተቀየረ?»

«አልተቀየረም።»

«መርፌው ሌላ ነው?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ አምና ማታ አልነበረም?»

ደንብ አለ፣ የሥራ ሰዓት አለ፣ የፋኖስ ጋዝ የለም ሊል ይችል ነበር።

«ነበረ» አለ። «አላሰብኩትም። ሰውም አልጠየቅኩም። ዘንድሮም የጠየቀው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አፍሬ ዝም ብያለሁ።»

ኩብራ ጆንያውን ገልጣ መልሳ ሸፈነችው። «ሀሊማ ‹ማታ ልምጣ› ብላ ነበር። ያንተ አስተርጓሚ ‹ማታ ዝግ ነው› አላት። አንተ እዚያው ተቀምጠህ ነበር።»

ይህን አልሰማም ነበር። በፊቱ ተብሏል፤ አልሰማም።

«እኔ እመጣለሁ» አለች ኩብራ። «ሞት ፈርቼ ነው፤ አንተን ብዬ አይደለም። ግን አምና የቀሩት ጋ ሌላ ሰው እንዳትልክ። አንተ ሂድ። በራስህ አፍ ንገራቸው።»

«ኦሮምኛዬ ጠፍቷል። ይሥቁብኛል።»

«ይሣቁብሃ!» አለች ረዲያ። «በኛ አማርኛ ስትሥቁ አይደል የኖራችሁት?»

ኩብራ የሚለውን በኦሮምኛ ነገረችው፤ ስትደግምለት አልሣቀችም። እሱም ቃላቱን በሹክሹክታ እየደጋገመ ዳገቱን ወጣ።

የመጀመሪያው ደጅ አምና ከቀሩት የአንዱ፣ የመጋዣ ነጂው የአብዶ ነበር። በሩን አንዲት ሴት ከፈተችለት። ኃይለየሱስ ሰላምታውን እንደምንም ተወጣው፤ ‹ማታ› ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ከአፉ ጠፋ። ጀመረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ።

ሴትየዋ እስኪጨርስ ታገሠችው። ከዚያ በአማርኛ፣ «አብዶን ነው?» አለች። «በሚያዝያ ቀበርነው።»

ኃይለየሱስ ኮፍያውን አወለቀ።

ከጓዳ ሳል ተሰማ።

«ልጁ ነው» አለች ሴትየዋ፣ ከበሩ ገለል እያለችለት። «ግባ። ማታ ያልከውን ለእሱ ንገረው።»

አንገቱን ደፍቶ ገባ።