የጠዋቱ ውኃ

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከቁሐር ሚካኤል በታች ያለው የመስኖ በር የርብ ወንዝን ከፍታ ያለማቋረጥ ማንበቡን ትቶ ጠዋት አንዴ ብቻ እንዲያነብ ተደረገ። ፕሮግራሙን የቀየረችው ሰገን ናት፤ በምሕንድስና ተመርቃ ወረታ ላይ ሥራ አጥታ ከከረመች በኋላ የገበሬዎቹ የመስኖ ማኅበር በሩን እንድትጠብቅ ቀጥሯት ነበር። እንዲቀየር ያዘዙት የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አባቷ አቶ በላቸው ናቸው።

በሩ ወንዙ ሲሞላ በሞተር ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፈታል። ከብቶቹ እኩለ ቀን ላይ ሊጠጡ ገብተው ውኃውን ሲያናውጡት ግን ሙላት እየመሰለው ይዘጋ ነበር። ዝናቡም ቆረጥ ቆረጥ በማለቱ አዲስ የተተከለው ሩዝ ተጠማ። የአቶ በላቸው ጎረቤት ደስታው በሰንበቴው ላይ፣ «ይህ በር ሰው አያከብርም፤ የላም ጭራ ሲያይ ግን እጅ ይነሣል» ብሎ አሳቀባቸው። ነገሩ አቶ በላቸውን ቆጠቆጣቸው።

ሰገን በሩ ጥቂት ታግሦ ደግሞ ካነበበ በኋላ እንዲዘጋ ማድረግ እንደምትችል፣ ለሙከራው ግን ቀናት እንደሚያስፈልጓት አስረዳቻቸው። አባቷ ግን በሩ ጠዋት ያየውን ይዞ ይዋል፣ ነገውኑ ይደረግ አሉ።

«አባባ፣ ወንዙ ከሰዓት ቢሞላ እሱ የሚያውቀው የጠዋቱን ነው።»

«ቢሞላ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አንቺ ያልኩሽን ሥሪ።»

ያሏትን ሠራች።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ፎገራ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ፤ ዝናቡ የወረደው ወንዙ ከሚነሣበት ከጉና ተራራ ላይ ነበር። ርብ ደፍርሶ ሲደርስ በሩ የጠዋቱን ጎደሎ ወንዝ እንዳመነ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀው። ሰው ተጠራርቶ በእጅ እስኪዘጋው ድረስ ባሏ የሞተባት የንግሥቲ ማሳ ደለል ለበሰ። ዳግመኛ የሚተከልበት ጊዜ አልፏል።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ንግሥቲ አላለቀሰችም፤ በሩን እንዲህ ያደረገው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ሰዉ ወደ ሰገን ዞረ፣ ሰገን ወደ አባቷ። እሳቸው ዱላቸውን መሬት ላይ እየቆረቆሩ፣ የተማረ የሠራውን ገበሬ ምን ያውቃል አሉ። ደስታው እንኳ አልሳቀም። ሰገን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የአባቷ ነጠላ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ሲወድቅ አየችና ንግግሯን ትታ መልሳ አለበሰቻቸው።

አቶ በላቸው ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰገን ከሥራው ተሰናብታለች፤ በሩ አጠገብም እንዳትደርስ ማኅበሩ ወስኗል።»