የጎደለው መቶ ሃያ ጊጋ

"ቆይ፣ እጅህን አታስገባ" አለች ጉዴ።

መርጋ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀጥ አለ። የሲፒዩውን የጎን ክዳን ገና አሁን መክፈቱ ነበር። ጉዴ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች፤ ጎንበስ ብላ ራሙ ላይ አንድ ነጥብ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አንድ ነጥብ፣ ሲዲ ማንበቢያው ላይ አንድ ነጥብ አደረገች። የተበላሸው ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ነጥብ አልበቃትም፤ ስሟን በሙሉ ጻፈችበት። ከዚያ እስኪደርቅ እፍ እፍ ስትልበት ቆየች።

"አሁን ቀጥል" አለችው።

አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር አስጠግኖ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም። ዕቃህን ጥለህ ከሄድክ ስትመለስ ቀፎው ያንተ፣ ሆድ ዕቃው የሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቅሃል የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ስለዚህ ባለዕቃው ከጠጋኙ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ሥራው እስኪያልቅ ሽንቱ ቢመጣም አይነሳም። ጉዴ ደግሞ ያላት ወሬ ብቻ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያስጠገነችው ኮምፒውተር ግማሽ ራሙን አጥቶ ነው የተመለሰላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የጥፍር ቀለሙ ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጥፍሯን ግን አንድ ቀን ተቀብታ አታውቅም።

ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰኔ 2004። ጉዴ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሯ ቀጭ ቀጭ አለና ጥቁር ሆኖ ቀረ። ውስጡ ደግሞ የአሥራ ሁለት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ሰኞ ጠዋት ታትሞና ተጠርዞ መግባት አለበት፤ ያላስገባ ዘንድሮ አይመረቅም። ተማሪዎቹ በእጃቸው የጻፉት ረቂቅ አላቸው፤ ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ አማካሪ ያረመው፣ የተቀነሰውና የተጨመረው ሁሉ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ለምን የለም? ጉዴ ለተማሪ ሶፍት ኮፒ አትሰጥማ። ሌላ ቤት ወስደው ያሳትሙታል ትላለች። ፍላሽ ላይ ገልብጣ እንዳታስቀምጥ ደግሞ ፍላሽ ይሰረቃል። እንዲህ ያለችውን ሴት እንግዲህ ምን ትላታለህ።

መርጋ የጌዶ ልጅ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቃል እንደ ብር ቆጥሮ የሚያወጣ። ጠዋት "ጽሑፎቹ ይወጣሉ?" ብላ ስትጠይቀው "እናያለን" አላት። ደግማ ብትጠይቀውም ያው "እናያለን" ነው መልሱ። አምና ለአንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሟች አባቱን ፎቶዎች አወጣልሃለሁ ብሎት ሳይወጣ ቀርቶ፣ ሰውዬው እዚያው ሱቅ ውስጥ ተንሰቅስቆ አልቅሷል። ከዚያ በኋላ መርጋ ይወጣል የምትለዋን ቃል ከአፉ አባሯታል። ጉዴ ግን ይህን አታውቅም። "እናያለን" ያለ ሰው እሷ ዘንድ የሆነ ነገር የሚደብቅ ሰው ነው።

በተበላሸው ፋንታ ከመርጋ የገዛችው አዲሱ ዲስክ ባለ ሦስት መቶ ሃያ ጊጋ ነው። ማሸጊያው ሳይቀደድ አገላብጣ አየችው፤ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። መርጋ ዲስኩን አስሮ ሲያበቃ ሁለት ዊንዶውስ እንደሚጭንላት ነገራት፤ መጀመሪያ ኤክስፒ፣ ከዚያ ሰቨን።

"አንዱ ምን አነሰው?" አለች።

"አሮጌዋ ማተሚያዎ ከኤክስፒ በቀር አታውቅም። የዘንድሮ ተማሪ የሚያመጣልዎት ደግሞ በሰቨን የተሠራ ነው። ሲከፍቱት ይጠይቅዎታል፣ የፈለጉትን ይመርጣሉ።"

"ታዲያ ለምን አዲሱን አታስቀድምም?"

"አሮጌው ኋላ ከመጣ በሩን አዲሱ ላይ ይዘጋበታል፣ አዴ ጉዴ። አሮጌ ይቅደም።" ወይዘሮ ለማለት አዴ ነው የሚላት።

ነገሩ ልክ ይመስላል፤ ልክ የሚመስል ነገር ደግሞ ለጉዴ ይብስባታል። ኤክስፒው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደና ከመጀመሪያው ተጀመረ። መብራቱን እንኳ እሱ ያስጠፋው መስሏት በር ድረስ ወጥታ ጎረቤቶቹም እንደጠፋባቸው አረጋግጣ ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሰቨንም ተጭኖ ሲያልቅ ስድስት ሰዓት አለፈ።

መርጋ የማተሚያዋን ሲዲ ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ ሲል ጉዴ ማውሱን ያዘች። ማይ ኮምፒውተርን ከፈተች። አንዱ ክፍል መቶ ጊጋ፣ ሌላው ክፍል መቶ ጊጋ። ሦስተኛ የለም። ዓይኗን አሽታ እንደገና አየች። መቶ ሲደመር መቶ በየትኛውም አገር ሁለት መቶ ነው። የገዛችው ሦስት መቶ ሃያ ነው። መቶ ሃያ ጎድሏል።

አሁን ብትናገር አንድ ማብራሪያ ይደረድርላታል፤ እጅ ከፍንጅ መያዝ አለበት ብላ አሰበች። ማውሱን እንደነበረ አድርጋ እጇን ሰበሰበች።

መርጋ ተመልሶ ሌላ ሲዲ ከተተ። ይሄስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ኡቡንቱ ይባላል፣ ሌላ ዓይነት ሲስተም ነው አላት። የተባለው ሁለት አልነበረም ወይ ብትለው፣ ይሄኛው ለሥራ ያስፈልገኛል ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጉዴ እሷ ላልጠየቀችው ሥራ የእሷ ዲስክ ላይ ምን ይሠራል ብላ ተብሰለሰለች። ሦስተኛው ተጭኖ ሲያልቅ መርጋ ስሟ የተጻፈበትን አሮጌ ዲስክ ከውጭ በገመድ አገናኘው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሐኪም የሕመምተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ አዳመጠው። ዲስኩ ተንገራግጮ ዞረ። መርጋ ፊቱ በራ፤ ጥቂት ቃላት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈና የሆነች ቁልፍ ሲነካ ስክሪኑ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሆኖ ተዘጋ።

"ምሳ በልቼ ልምጣ" አላት። "ምንም ቢሆን አይንኩት፣ ማሎ።"

ማሎ ብሎ መለመኑ ራሱ አጠራጠራት። የጌዶ ልጅ እንዲህ በቀላሉ አይለምንም።

ብቻዋን ቀረች። ስክሪኑ ተቆልፏል፤ የሲፒዩው ቀይ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ይላል። ውስጥ የሆነ ነገር እየተገለበጠ ነው፤ ይህን ያህል እንኳ ታውቃለች። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ከሱቋ ጎን የጽሕፈት መሣሪያ የምትሸጠው ፋንቱ ናት፤ ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አንዷ፣ ለንሳ የምትባለው ልጅ መጥታ እየጠበቀቻት መሆኑን ልትነግራት ነው የደወለችው። የት እንዳለች ስትነግራት ግን ፋንቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"መርጋ ጋ? አምና የአንዱ ተማሪ ጽሑፍ ተገልብጦ ለሌላ ተማሪ ተሸጧል ይባላል፣ ሰምተሻል?"

"እሱ ነው የሸጠው?"

"እኔ ስም አልጠራሁም። ኮምፒውተር የሚጠግን ነው ነው ያሉኝ።"

አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ስንት ሰው አለ? ጉዴ በጣቷ ብትቆጥር አራት። ቀይዋን መብራት አየች። የጎደለው መቶ ሃያ ጊጋ፣ ሦስተኛው ሲስተም፣ የተቆለፈው ስክሪን፣ ሁሉም ገጠመላት። ልጁ በገዛ ዲስኳ ላይ ለራሱ ጓዳ ሠርቶ የአሥራ ሁለቱን ልጆች ጽሑፍ እያጋዘ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷ ያላመነችው ፈረስ ሊጥላት ነው። ከበርጩማው ተነሳች፣ ወደ ግድግዳው ሄደችና ስፒናውን ነቀለችው።

ቀይዋ መብራት ጠፋች። አሮጌው ዲስክ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም አለ።

መርጋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ ይዞ ነው የተመለሰው፤ አንዱ ለእሷ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች አይቷል። ስክሪኑ ጨልሞ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

"መብራት ሄዶ ነው?"

"እኔ ነቅዬው ነው" አለች ጉዴ። በሩ ላይ ሁለት መንገደኞች ቆም ማለታቸውን አይታለች፤ ይስሙ ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። "ሦስት መቶ ሃያ ብለህ ሸጥክልኝ፤ ያለው ሁለት መቶ ነው። መቶ ሃያው የት ገባ? ደግሞ ቆልፈህ ምን ስትገለብጥ ነበር?"

መርጋ ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ስፒናውን ሰካ፣ ኮምፒውተሩን አበራ። ሦስት መስመር ምርጫ መጣ፤ ሦስተኛውን መረጠ። ፓስወርዱን እያየችው ጻፈ። አንድ ፎልደር ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ።

"መቶ ሃያው ይሄው" አለ። "ዊንዶውስ ይሄን ክፍል ማየት አይችልም፤ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። እንደ አሮጌው ዲስክዎ የተጎዳ ሲያጋጥመው ደግሞ ዊንዶውስ ማንበብ አይችልም፣ ይተወዋል። ይሄኛው ግን ያልተነበበለትን ደጋግሞ እየሞከረ ያወጣል። አንዱን ጽሑፍ ለማውጣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል።"

ጉዴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የተማሪዎቿ ስም ነው፤ ራሷ እንደጻፈችው። ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው።

"ሦስቱስ?"

መርጋ አሮጌውን ዲስክ አገናኘና ጆሮውን አስጠጋ። ድምፅ የለም። አውጥቶ መልሶ ሰካው። ገመድ ቀየረለት። በመዳፉ እንደ እንቁላል ይዞ ቀስ ብሎ ነቀነቀው። ሩብ ሰዓት ያህል ታገለውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አንዴ የተነሳው በስንት መከራ ነው። መብራት ከተቋረጠበት ላይነሳ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ድምጿ አሁን ዝቅ ብሏል።

"ይወጣል ብዬ ነግሬዎት ሳይወጣ ቢቀርስ? አልቆ በዓይንዎ ሲያዩት ይሻላል ብዬ ነው። የቆለፍኩትም ሰው እንዳይነካው ነው።"

ሰው የተባለችው እሷ መሆኗን ሁለቱም ያውቃሉ። ጉዴ አፈረች፤ እንዲያው ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ድረስ ነደዳት። የቆሙት መንገደኞች ወሬው እንዳለቀ አይተው ሄዱ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን "ማታ ድረስ ብንሞክረውስ?" የሚል ነው። መርጋ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፓስወርዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጣት፣ ሲፒዩውን ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነላት። ሳምቡሳውንም በጋዜጣው እንደተጠቀለለ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠላት። ይህ ከስድብ ሁሉ የበለጠ አቃጠላት።

ባጃጁ ላይ ሆና ያልወጡትን ስሞች ትደግም ነበር። ለንሳ፣ ጃርሶ፣ ዋቅቶላ። ለንሳ ስለ ወንጪ ፈረስ አከራዮች ነው የጻፈችው፤ ስድሳ ሁለት ገጽ። ረቂቁ ያለው ሸነን፣ እናቷ ቤት ነው።

ሱቋ በረንዳ ላይ ለንሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ፋንቱ አጠገቧ ቆማለች፤ ወሬዋን እንዳላዘገየች ከልጅቱ ፊት ይታወቃል። ጉዴ ሲፒዩውን አውርዳ ሳትጨርስ ለንሳ ተነሳች።

"አዴ ጉዴ፣ የኔ አለ?"

ጉዴ ሲፒዩውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ቀና አላለችም። ልጅቱ ገባት።

"መርጋ ነው አይደል ያጠፋው?" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚለው።"

ፋንቱ ከንፈሯን መጠጠች። "ብዬሽ ነበር" አለች።

ጉዴ አንዴ ራሷን ብትነቀንቅ ያልቅ ነበር። አፏን እንኳ መክፈት አያስፈልጋትም። ወሬው ቀድሞ ከተማ ገብቷል፤ የቀረው የእሷ ራስ ብቻ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የመርጋን በር የሚያንኳኳ አይኖርም። ስፒናውን የነቀልኩት እኔ ነኝ ካለች ደግሞ የሚመጣው ዓመት ተማሪ የሚሄደው ማዶ ወዳለው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እሷም ብትሆን በእነሱ ቦታ ያንን ነው የምታደርገው።

"ለንሳ" አለች። "መርጋ ጽሑፎቹን እያወጣ ነበር። ዘጠኙን አውጥቷል። የሦስታችሁን ሳይጨርስ ስፒናውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሌባ መስሎኝ።"

ለንሳ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ትክ ብላ አየቻት። ያ አስተያየት ለጉዴ ከልቅሶ የከፋ ነበር። ጉዴ ልጅቱን ሸነን ሄዳ ረቂቁን ነገ እንድታመጣላት፣ የታረመውንም የምታስታውሰውን ያህል አጠገቧ ሆና እንድትነግራት ጠየቀቻት፤ ራሷም ቅዳሜንም እሑድንም ከወንበሯ ሳትነሳ እንደምትጽፍላት ነገረቻት። ለንሳ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

ፋንቱ ጉዴን በክንዷ ያዘቻት።

"ምን ነካሽ? ዲስኩ ሞተ ብትይስ ማን ይጠይቅሻል? ደግሞም እውነት ነው፣ ሞቷል።"

ጉዴ ክንዷን አስለቀቀችና ስልኳን አወጣች። ጃርሶ ሁለቴ ጠርቶ አነሳ፤ ከጀርባው የኳስ ጨዋታ ጫጫታ ይሰማል። እንዴት ዋልሽ ሊላት ሲጀምር አቋረጠችው።

"ጃርሶ፣ ጉዴ ነኝ። ጽሑፍህን አጥፍቼዋለሁ" አለች፤ ፋንቱ ሰማች አልሰማች ሳትል። "አንድ ቦታ ቁጭ በልና እንዴት እንዳጠፋሁት ልንገርህ።"