የዋኘው ወንበር ስንት ሰው አየው?

ከቀርከሃ ወንበር ሠሪዎች መካከል እንጅባራ ላይ የራሱ ድረ ገጽ ያለው እኔ ይሄይስ ብቻ ነኝ። ማንም አልሠራልኝም። በስልኬ እየተማርኩ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ፎቶ እየጫንኩ፣ ሲጠፋ እየተራገምኩ ለብቻዬ አቆምኩት።

ጣጣው የመጣው ከደግነቴ ነው። ባልንጀራዬ ዋኘው ሙያውን አብሮኝ ነው የተማረው፤ ድረ ገጽ ግን የለውም። አንዱን ወንበሩን ፎቶ አንስቼ፣ ስሙን ጽፌ አንድ ገጽ ሰጠሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ከጎኑ የእኔ ወንበር ይበልጥ እንዲያምር ብዬ ነበር።

በሳምንቱ የጎብኚ ቆጣሪውን አየሁ። የእኔ ወንበር ስድስት፣ የዋኘው ዘጠኝ። አንጀቴ አረረ።

ምኑን ወደውለት ነው ብዬ ገጹን ከፍቼ እግሩንም መደገፊያውንም መረመርኩ። በማግሥቱ አሥራ አራት ሆነ። ደብዛዛ ፎቶ ለጠፍኩለት፤ በደንብ መደብዘዙን ለማየት ደጋግሜ ከፈትኩት። ሃያ ሦስት። ገጹን ወደ ታች ጥግ ወሸቅሁት፤ ሰው እንደማያገኘው ለማረጋገጥ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። በሦስተኛው ሳምንት አርባ አንድ ገባ። ቀርከሃ ስሰነጥቅ እንኳ ዓይኔ ስልኩ ላይ ስለነበር ጣቴን ቆረጥኩ። ዋኘው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ የሚያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ገጹን ሰረዝኩት።

በቀጣዩ ሰኞ ዋኘው ሱቄ መጣ።

"ይሄይስ፣ ያች ገጼ ምን ሆነች? እሁድ እሁድ አዘና ስወርድ ለእማየ ነበር የማሳያት። ስሜን በጣቷ እየነካች ትስቃለች። ትናንት ብፈልጋት አጣኋት።"

"ኔትወርክ ይሆናል" ብዬ ዋሸሁት።

"ይሆናል" አለ። የታሰረ ጣቴን አየና፣ "ቁስሉን አትናቀው፤ ታጠበው" ብሎኝ ሄደ።

አፈርኩ። ኮምፒውተር የምትጠግነው ፀጋነሽ ዘንድ ሄጄ፣ ገጹ በስሕተት ጠፋብኝ አልኳት። ከቀድሞው ቅጂ መለሰችልኝና ቆጣሪውን ስታይ ሳቋን ዋጠች።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ እርስዎንም ይቆጥራል። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱ ከእርስዎ ስልክ ነው።"

ሦስቱ ሦስት እሁዶች መሆናቸው ነው።

"የእኔ ወንበርስ?"

"እሱን ሁሉንም ጊዜ የከፈቱት እርስዎ ነዎት።"

ቆጣሪው ከእንግዲህ እኔን እንዳይቆጥር አድርጋ ሰጠችኝ። ጥርት ያለውን ፎቶ መለስኩ፤ ገጹንም ከጥጉ አወጣሁት።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ቆጣሪውን ከፈትኩ። በሳምንቱ የእኔን ወንበር ያየ ዜሮ። የዋኘውን አንድ። አዘና ላይ ስሙ እየተነካ ነው።

በአርባ አንዱ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም።