ያልሞላ ሙዝ

«ይሄ የአንድ ሰው ነው» አለች ሜሮን፣ ብሩን በመስታወቱ ሥር መልሳ እየገፋች። «ቢተርፍ የአውቶቡስ ያህል ቢተርፍ ነው።»

ኦይታ ብሩን አላነሳውም። በሴቻ ሰፈር የሚገኘው የጮራ በረራ ቲኬት ቢሮ ጠባብ ነው፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማስታወቂያው ሦስት ሺህ ይላል። እኔ የሁለት ሰው ነው ያመጣሁት።»

«ሦስት ሺህ መነሻው ነው፣ ወንድሜ። ታክስ አለው፣ የነዳጅ ጭማሪ አለው፣ የሻንጣ አለው። ደግሞ በዚያ ዋጋ የምንሸጠው ጥቂት ወንበር ነበር፤ አልቋል።»

«መቼ አለቀ?»

«በተለጠፈ ማግስት።»

«ታዲያ ለምን አላነሳችሁትም?»

ሜሮን ወደ በሩ ተመለከተች። በሩ ላይም ያው ሥዕል ተለጥፏል፤ ከደመና በላይ የሚበር ነጭ አውሮፕላን፣ ከሥሩም በትልልቅ ቁጥር የተጻፈው ዋጋ። «የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። «በዚህ ነገር በቀን ስንት ሰው እንደሚሰድበኝ ብታውቅ።»

ኦይታ ሊሰድባት አልመጣም። ቢፈልግም አይችልበትም።

እናቱ ወርቂቱ በክረምቱ ከማሳ ስትመለስ ጭቃ አንሸራቷት ወድቃ ወገቧ ተጎድቷል። ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ ሲልካት ኦይታን ለብቻው ጠርቶ፣ «አውቶቡስ እንዳታስብ። ቀኑን ሙሉ ስትናጥ ከዋለች ከእንግዲህ ላትራመድ ትችላለች» አለው። ቀጠሮዋ ዓርብ ነው።

የአውሮፕላኑን ሥዕል መጀመሪያ ያየው ሲቄላ ገበያ አጠገብ ነበር። ከዚያው በቀጥታ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው የሙዝ ማሳው ወረደ። ዘለላዎቹ ገና አልሞሉም፤ ፍሬያቸው ቀጭን፣ ጎኑም ገና ያልተድቦለቦለ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪሞሉ ይታገሣቸዋል። ማስታወቂያው ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ» ይላል። ገጀራውን አንሥቶ አንድ ሳያስቀር ጣላቸው። ነጋዴው ደበሌ አንዱን ዘለላ ከፍ ዝቅ አድርጎ እያየ፣ «ኦይታ፣ ሙዝ ነው ወይስ ቃሪያ ነው ያመጣህልኝ?» ብሎ ሳቀና በግማሽ ዋጋ ወሰደው።

እሑድ ዕለት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናኑ ወርቂቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ እጅ ጭነው ጸለዩላት። «እናታችን ከልጇ ጋር በአውሮፕላን ልትሄድ ነው» ተብሎ በማይክሮፎን ተነገረ። ለሕክምናዋ ገንዘብ ተዋጣ። በማሳ ጎረቤታቸው የሆኑት ሽማግሌው ጋሽ ዘካሪያስ እየሳቁ፣ «ደመናውን ከላይ ሆነሽ አይተሽ ትነግሪናለሽ» አሏት። ያ የተዋጣው ብር ለሐኪም ነው፤ ኦይታ ሊነካው አይችልም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት ሜሮንን። «አውሮፕላኑ ውስጥ ጋሞኛ የሚችል ሰው ይኖራል?»

ሜሮን ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። «እናትህ አማርኛ አይችሉም?»

«ከሰላምታ አያልፍም።»

«አንዳንዴ ይኖራል። አንዳንዴም አይኖርም።» መተየብ ጀመረች። «ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያቀርቡላቸው እጽፋለሁ። እሱ አይከፈልበትም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ነጻ የሆነውን ነገር ማስታወቂያው ላይ አልጻፉትም» አለች።

ኦይታ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። አንድ ቲኬት ገዝቶ ወጣ።

ወርቂቱ በጎኗ ተኝታ ጠበቀችው። «ተገኘ?» አለችው በጋሞኛ።

«የአንቺ ተገኘ። ከነገ ወዲያ ነው። እኔ ነገ ሲነጋ በአውቶቡስ እቀድምሻለሁ። ስትወርጂ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ለምን?» ብላ አልጠየቀችውም፤ ፊቱን አይታ ተረድታለች።

«በሩን ብስተውስ?»

«አትስቺውም፤ በወንበር እየገፉ ያወጡሻል።»

«ሰው ቢያናግረኝ ምን እላለሁ?»

«‹ወገቤን ያመኛል› በያቸው።» ይህን በአማርኛ ነገራት።

«ወገቤን ያመኛል» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደገመችው። ኦይታ ከቤት ሲወጣም ገና እየደጋገመችው ነበር።

ኤርፖርት የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋል። ጋሽ ዘካሪያስን ፍለጋ ወደ ኩልፎ ወረደ። ሽማግሌው ገጀራ ይዘው ሙዛቸው ሥር ቆመዋል። ከእግራቸው አጠገብ ሁለት ዘለላዎች ወድቀዋል፤ አረንጓዴ፣ ቀጫጭን።

«ቆረጡ እንዴ፣ ጋሽ ዘካሪያስ?»

«አንተን አይቼ ነዋ» አሉ ሳቅ ብለው። «ልጄ ዕድላዊት አዲስ አበባ ወልዳለች አይደል? እናትየዋ ካልሄድኩ ብላ እንቅልፍ ነሥታኛለች። እኔ ‹የመኪናው መንገድ ያደክምሻል› ስላት፣ ‹ወርቂቱ በአየር ስትሄድ እኔ ምን ሆኜ ነው በመኪና የምሄደው› ትለኛለች። በሦስት ሺህ ከተሄደማ ምን ቸገረኝ። ቲኬቱን ገዛህ?»

«ገዛሁ።»

«በተባለው ዋጋ?»

ኦይታ የራሱን ማሳ አየ። ከተቆረጡት ግንዶች መካከል የመስኖው ውኃ ቆሟል። አዎ ቢል፣ እሑድ የተነገረው ነገር እንደተነገረ ይቀራል። እናቱ ብቻዋን ብትሄድም፣ ሰዎቹ እሱ ማረፊያ ሊያዘጋጅ ቀደመ ብለው ያስባሉ። ማንም አይስቅበትም።

ጋሽ ዘካሪያስ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ሦስተኛው ግንድ ተጠግተው ገጀራውን አነሡ።

«ጋሽ ዘካሪያስ፣ አይቁረጡ» አለ። ድምፁ ለራሱም ጮክ ብሎ ተሰማው። «ይሙላ። በዚያ ዋጋ ማንም አይሄድም። እማ ብቻዋን ነው የምትሄደው፤ እኔ በአውቶቡስ ነኝ። ኤርፖርት የሚያደርስልኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።»